ወንጪን በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ፦ ከአዲስ አበባ ዳር ለሚነሱ እግረኞች

ተራራ የሚወጣ ሰው ዳገቱን በጠዋት ጉልበት ይጨርስና ሲደክመው ቁልቁለት ይቀበለዋል። ወንጪ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ሐይቁ የተኛው እሳተ ገሞራ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ መኪናው አፋፉ ላይ ይቆማል፣ ሰው በሳቅና በጨዋታ ይወርዳል፣ ዳገቱ ደግሞ ከምሳ በኋላ ሆድ ሞልቶ እግር ሲዝል ይጠብቃል። በወንጪ ጉዞ ላይ ከሚበላሸው ነገር አብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ነው። ስለዚህ ሰዓቱም፣ ውሃውም፣ ጉልበቱም የሚታቀደው ከመጨረሻው ዳገት ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው።

መመሪያው የተጻፈው ከአየር ጤና፣ ከዓለም ገና፣ ከሰበታ ወይም ከቡራዩ አካባቢ ተነስተው በራሳቸው መኪና ወይም በተከራዩት ሚኒባስ ለሚሄዱ ጓደኛሞችና ቤተሰቦች ነው።

1. መጀመሪያ አቅምን መለካት

ወንጪ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሐይቁ ያለው 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን በዙሪያው ያለው አፋፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የአዲስ አበባ ሰው በ2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ስለሚኖር አየሩ ብዙም አያስጨንቀውም። ከድሬዳዋ ወይም ከአዋሽ ትናንት የመጣ እንግዳ ካለ ግን ሁለት ሦስት ቀን አዲስ አበባ ይደር፤ ከዚያ ይሂድ።

ወር ሙሉ ከታክሲ ወርዶ ቢሮ ከመግባት በቀር ያልተራመደ ሰው በቀጥታ ወንጪ መሄድ የለበትም። ከሁለት ሳምንት በፊት እንጦጦን፣ ለሰበታና ለዓለም ገና ሰው ደግሞ የመናገሻ ሱባን ጫካ ይሞክር። በሱባ ጥድና ኮሶ ሥር ሁለት ሰዓት ሽቅብ መሄድ ጫማው የት እንደሚልጥ፣ ጉልበት የቱ ጋ እንደሚያም ያሳያል። ሁለት ሰዓት ዳገት ሄዶ በማግስቱ ደረጃ መውረድ ያልከበደው ሰው ለወንጪ ዝግጁ ነው።

ሕፃናትና አረጋውያን ካሉ ቢሾፍቱ ይሻላል። ሆራ፣ ባቦጋያና ቢሾፍቱ ሐይቅ ከከተማው ስለማይርቁ የደከመው ሰው ባጃጅ ይዞ ይመለሳል። ከቃሊቲ ተነስቶ በፍጥነት መንገዱ መድረስም ቀላል ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ሆራ አርሰዲ የኢሬቻ በዓል የሚከበርበት ስለሆነ ለበዓሉ ካልሆነ በቀር ያን ቅዳሜና እሑድ ሌላ ቦታ ምረጡ።

2. ወቅትና ቀን

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ካለው ጊዜ የሚሻል የለም። ዝናቡ ቆሟል፣ ገብሱ ገና አልታጨደም፣ አደይ አበባው አለ፣ አየሩም ጥርት ያለ ስለሆነ ከአፋፉ ሐይቁ ሙሉ ለሙሉ ይታያል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት መንገዱ ደረቅ ነው፤ ማለዳው ግን ያንዘፈዝፋል፣ አቧራውም ይጨምራል። በበልግ ቀኑን እያዩ መሄድ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አንመክርም። ጭጋጉ ሐይቁን ይሸፍነዋል፣ ቁልቁለቱ ሙልጭልጭ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ መብረቅ አለ።

ከተቻለ የሥራ ቀን ምረጡ። እሑድ ሕዝብ ይበዛል፣ ፈረሱም ጀልባውም ወረፋ ነው። ወንጪ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ከለማ፣ በፈረንጆቹ 2021 ደግሞ ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ከተመረጠ ወዲህ የሚጎርፈው ሰው ጨምሯል።

ከመነሻው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ መንገዱ ሰላም መሆኑን ማጣራት የግድ ነው። በዚያው ሳምንት በመንገዱ የተመላለሰ የወሊሶ ወይም የአምቦ ሹፌር ከማንም የተሻለ ያውቃል። ከአንድ ሰው በላይ ጠይቁ፤ መልሳቸው ከተለያየ ጉዞውን ለሌላ ሳምንት አስተላልፉት።

3. የሰዓት ስሌት

እግረኞች የሚጠቀሙበት የቆየ ቀመር አለ፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በዚያ ላይ ለ600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። ለምሳሌ የመመለሻው መንገድ 4 ኪሎ ሜትር ቢሆንና 300 ሜትር ሽቅብ ቢወጣ 48 ደቂቃ ለርቀቱ፣ 30 ደቂቃ ለዳገቱ፣ በድምሩ 78 ደቂቃ ይሆናል። ይህ ግን ለለመደ እግር ነው። ፎቶ የሚያነሳ፣ ጫማ የሚያስር፣ ልጅ የሚያባብል ባለበት ቡድን በአንድ ተኩል አባዙት፤ ሁለት ሰዓት ሞላ ማለት ነው።

አሁን ከማታ ወደ ጠዋት ቁጠሩ። ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት በኋላ ብዙም ሳትቆይ ነው፤ ጨለማ ሳይዛችሁ ሰበታ ለመግባት ከአፋፉ በ9 ሰዓት ከሩብ መነሳት አለባችሁ። 9 ሰዓት አፋፍ ላይ ለመገኘት ዳገቱ በ7 ሰዓት ይጀመራል። ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል ሐይቁ ዳር ለመድረስ አፋፉን በ3 ሰዓት መልቀቅ፣ ለዚያ ደግሞ ከዓለም ገና ከሌሊቱ 11 ሰዓት መነሳት ያስፈልጋል። ሐይቁ ዳር የሚቀራችሁ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ያንሳል የሚል ካለ እዚያው ማደር አለበት፤ ለማደር ሎጅ አለ።

«7 ሰዓት መመለስ እንጀምራለን» የሚለውን መኪና ውስጥ ሳላችሁ ለሁሉም ንገሩ። ሐይቁ ዳር ሲነገር ክርክር ይነሳል።

4. ቦርሳው

ለአንድ ሰው 3 ሊትር ውሃ፦ አንድ ሊትር ለመውረጃና ለሐይቁ፣ አንድ ሊትር ተኩል ለዳገቱ፣ ግማሹ መኪና ውስጥ ይቀመጥ። የዳገቱን ውሃ ለብቻው ሃይላንድ አድርጋችሁ ከቦርሳው ሥር ቅበሩት። ከላይ ከሆነ ገና ስትወርዱ ያልቃል።

ምግብ ቀላልና የማይፈስ ይሁን። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ለማይጾም ጭኮ። በሶ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል፤ አንድ ኩባያ በሶ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ትንሽ ጨው አደባልቃችሁ በደረቁ በፌስታል ያዙ፣ ዳገቱ ከመጀመሩ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ በግማሽ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ ጠጡ። ወጥ ያለው እንጀራ ቦርሳ ውስጥ መገልበጡ አይቀርም። ወሊሶ ላይ ቁርስ ስትበሉ ክትፎ የሚያዝ ሰው ካለ ደግሞ ዋጋውን 7 ሰዓት ላይ ይከፍላል። የቆሎ አለመፈጨት የሚያስቸግረው ሰው ዳቦ ይያዝ።

ሻይ አፍላለሁ ብሎ ምድጃ የሚሸከም ካለ ይህን ይወቅ፦ በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ሻይ ይወጣል፤ ፓስታና ምስር ግን ቶሎ አይበስልም። ፔርሙዝ ይበቃል።

ልብስ በንብርብር ነው። ከውስጥ ቶሎ የሚደርቅ ስፖርት ማልያ፣ ከላይ ሹራብ፣ ከዚያ የዝናብ ጃኬት። ጥጥ ቲሸርት ላብ ይዞ ይቀራል፤ ወደ አፋፉ ስትመለሱ ነፋሱ ሲያገኘው ሰውነት ባንዴ ይበርዳል። ስለዚህ አንድ ደረቅ ቲሸርት መኪና ውስጥ ተዉ። ጋቢ ከባድ ቢሆንም ለቡድኑ አንድ ይያዝ፤ ለበረደው ሰው ከእሱ የሚሻል የለም።

ኮፍያና የፀሐይ ቅባት ሴት ወንድ አይልም። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ቢቀዘቅዝም የሚያቃጥለው ጨረር ይበረታል፤ ውሃው ላይ ነጥሮ የሚመለሰው ደግሞ የአገጭ ሥርና አፍንጫ ይልጣል።

ሌላው፦ ፕላስተር፣ ሰፊ ፋሻ፣ ለምለም (ኦአርኤስ) ሁለት ፓኬት፣ የራስ ምታት መድኃኒት፣ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ሶፍት፣ ለቆሻሻ ሁለት ባዶ ፌስታል፣ ዝርዝር ብር። ጉድጓዱ ውስጥ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ ቴሌብር ብቻ ይዞ መውረድ ከባለፈረሱ ጋር ያጣላል። ካርታውንም ቤት ሳላችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ።

ለምለም ቢያልቅ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ልሙጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ልሙጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙ። ጨዉን «ለጥንቃቄ» መጨመር ይጎዳል።

ጫማ ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን። ተጠርጎ ልሙጥ የሆነ ስኒከር በደረቅ አቧራ ላይ ጭምር ያንሸራትታል። አዲስ ጫማ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሳይለብሱ ይዞ መውጣት አይሆንም። የእግር ጣት ጥፍር ከጉዞው ሁለት ቀን በፊት ይቆረጥ፤ ቁልቁለት ላይ ጣት ጫማውን በየእርምጃው ስለሚመታ ረጅም ጥፍር ይጠቁርና ይወልቃል።

5. መንገዱ

ሁለት መግቢያ አለ። በጅማ መንገድ ከአየር ጤና በዓለም ገና፣ ሰበታ፣ ተፍኪና ቱሉ ቦሎ ወሊሶ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፎ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ። ሁለተኛው ከቡራዩ በሆለታ፣ አዲስ ዓለምና ጊንጪ አምቦ፣ ከዚያ ወደ ግራ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። የሰበታና የአየር ጤና ሰው በወሊሶ፣ የቡራዩና የአስኮ ሰው በአምቦ ቢሄድ ጠዋት ከተማውን ማቋረጥ አያስፈልገውም። በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣትም ይቻላል፤ ነገር ግን የማታውቁትን መንገድ ለማታ አታቆዩት።

ወሊሶ ወይም አምቦ ላይ ነዳጅ ሙሉ። ከአፋፉ ስትመለሱ ሹፌሩ ፍሬን ረግጦ መውረድ የለበትም፤ ፍሬኑ ግሎ ይሸታል፣ ከዚያ አልይዝ ይላል። በወጣበት ማርሽ፣ በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ይውረድ።

6. አፋፉ ላይ

እንደደረሳችሁ ወዲያው አትውረዱ። 15 ደቂቃ ቁሙ፣ ውሃ ጠጡ፣ ሁሉም እንዴት እንደሆነ ጠይቁ። ራሱን ያመመው፣ ያቅለሸለሸው ወይም አስም ያለበት ሆኖ መንፊያውን የረሳ ሰው እዚያው ይቅር። ሌላ ተራራ ላይ ያመመው ሰው ወርዶ መኪናው ጋ ይደርሳል፤ እዚህ የወረደ ሰው ግን ወደ መኪናው የሚመለሰው ዳገት ወጥቶ ነው።

የመግቢያ ክፍያውን ከፍላችሁ ደረሰኝ ያዙ፣ የአካባቢ አስጎብኚም ውሰዱ። አቋራጩን ያውቃል፣ ከማሳ ያወጣችኋል፣ የገበሬውን ውሻም በስሙ ጠርቶ ይመልስላችኋል። ያለ እሱ ውሻ ከመጣ አትሩጡ፤ ቁሙ፣ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በሉ፣ ቀስ ብላችሁ እለፉ። ሰላምታ በኦሮምኛ ይሁን፤ «አካም ጅርቱ» (እንዴት ናችሁ) እና «ገለቶማ» (አመሰግናለሁ) ከየትኛውም ጉርሻ ቀድመው ፊት ይፈታሉ።

ፈረስ የምትፈልጉ ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ይቆረጥ፦ ዋጋው ደርሶ መልስ ነው ወይስ መሄጃ ብቻ፣ መጠበቂያው ተካቷል ወይ፣ ፈረሱን የሚስበው ሰው ዋጋ ውስጥ አለ ወይ። «ጋሼ፣ እስከ ሐይቁ ወስደው፣ ጠብቀው፣ 7 ሰዓት ላይ እዚህ ሊመልሱኝ ነው የተስማማነው፤ አይደል?» ብሎ በባልንጀራ ፊት መድገም ጭቅጭቅ ያስቀራል። ቀጥሎ ኮርቻውን አንስታችሁ የፈረሱን ጀርባ እዩ። ቁስል ካለ ሌላ ጠይቁ። የሆድ ማሰሪያው ሁለት ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን፤ ሲላላ ኮርቻው ቁልቁለት ላይ ወደ አንገት ይንሸራተታል። እርካብ ውስጥ የሚገባው የእግር ፊት ብቻ ነው፤ እስከ ተረከዝ ያስገባ ሰው ቢወድቅ እግሩ ይያዛል። ሲወርድ ወደ ኋላ፣ ሲወጣ ወደ ፊት ዘንበል ማለት ነው።

እንዲያውም ጉልበቱን የሚጠራጠር ሰው ሲወርድ በእግሩ ይሂድና ብሩን ለመመለሻው ፈረስ ያቆየው። አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው።

7. ቁልቁለቱ

የጫማውን ማሰሪያ እስከ መጨረሻው ቀዳዳ ሸምቁና ተረከዝ ወደ ኋላ ተቀምጦ ሳለ እሰሩ፤ ጣት ፊት ለፊት እንዳይጋጭ። እርምጃ አጭር፣ ጉልበት በትንሹ የታጠፈ ይሁን። ዱላ ከያዛችሁ ለሜዳ ክርን በ90 ዲግሪ የሚታጠፍበት ቁመት፣ ለቁልቁለት ከዚያ 5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ነው። በባሕር ዛፍ መሐል ስታልፉ መሬቱን እያያችሁ ሂዱ፤ ደረቁ ፍሬ እግር ሥር እንደ ብይ ይንከባለላል። ተሰንጥቆ የወደቀው ልጥ ደግሞ በጤዛ ሲርስ ከጭቃ ይብሳል።

ከፊት አስጎብኚው፣ ከኋላ ጠንካራው ሰው ይሁን፤ ከኋለኛው ኋላ ማንም አይቅር። በየ20 ደቂቃው ዞር ብላችሁ የመጣችሁበትን እዩ። ሲመለሱ የሚታየው መንገድ ሲሄዱ ከታየው ጋር አይመሳሰልም።

ተረከዝ ወይም ጣት አካባቢ ሙቀት የተሰማው ሰው ወዲያው ቆሞ ፕላስተር ይለጥፍ። «ስንደርስ» ካለ ውሃ ይቋጥራል፤ ዳገቱን በዚያ እግር መውጣት ነው።

8. ሐይቁ ዳር

በአንድ ቀን ጉዞ ሁለቱን ማድረግ አይቻልም፦ ወይ በጀልባ ደሴቱ ላይ ያለውን ወንጪ ቂርቆስን መሳለም፣ ወይ ሐይቁን አልፎ ወደ ፍልውሃው መሄድ። ፍልውሃው መንገዱን ያረዝማል፣ መመለሻውንም እንደዚያው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ደሴቱን ይምረጥ።

ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት የላይፍ ጃኬቱን መዝጊያዎች ሁሉ ዝጉና አንድ ሰው ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ይሳበው፤ ከአገጭ ካለፈ ሰፍቷል። ጀልባው ከሚችለው በላይ ሰው ከጫነ ቀጣዩን ጠብቁ። ውሃው ላይ ነጭ አረፋ መታየት ከጀመረ ነፋሱ በርትቷል፤ አትግቡ። ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከእኩለ ቀን በኋላ ስለሆነ ጀልባው መጀመሪያ፣ ምሳው ቀጥሎ።

ስለ ዋና፦ አንመክርም። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፤ በሙቀት የገባ ሰው ሳያስበው ትንፋሽ ይስባል፣ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ ውሃ ይስባል። የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ዳሩ እንደ ወንዝ ቀስ እያለ አይጠልቅም፤ ሁለት እርምጃ ላይ ገደል ሊሆን ይችላል። ቢሾፍቱ ሐይቅ ስፋቱ ትንሽ ሆኖ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። እዚያ በብርዱ ወራት ላዩ ውሃ ቀዝቅዞ ሲሰምጥና ኦክስጅን ያጣው የታችኛው ሲወጣ ዓሣ ሞቶ የሚንሳፈፍበት ጊዜ አለ። የበሰበሰ ዕንቁላል ከሸተታችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ያን ዓሣ ማንም እንዳይገዛ።

ምሳ በ6 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ይበላ፤ በምሳና በዳገቱ መሐል አንድ ሰዓት ይኑር። ቢራው ለቤት። ቆሻሻችሁን በያዛችሁት ፌስታል አድርጋችሁ ይዛችሁ ውጡ፤ ከታች የተጣለን የሚያወጣ መኪና የለም።

9. ዳገቱ

7 ሰዓት። ሹራብ አውልቁ፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ማውለቃችሁ ስለማይቀር ላቡን ለምን ትሸከማላችሁ። በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች የምትችሉትን ፍጥነት በግማሽ ቀንሱ። ወሬ እየተቋረጠ ካስቸገረ ፈጥናችኋል። 40 ደቂቃ ሄዶ 5 ደቂቃ መቆም ይበቃል፤ ከተቀመጡ እግር ይተሳሰራል፣ ስለዚህ ቆማችሁ ጠጡ። በየቁሙ ሁለት ሦስት ጉንጭ፣ እፍኝ ቆሎ።

ከፊት የሚሄደው ደካማው ሰው ይሁን። ጠንካራው ከቀደመ ቆሞ ያርፍና ደካማው ሲደርስ ተነስቶ ይሄዳል፤ ማረፍ የሚገባው ሰው ሳያርፍ ይቀራል።

ቁርጭምጭሚቱ የተጠማዘዘበት ሰው ጫማውን አያውልቅ፤ ካበጠ በኋላ አይገባለትም። በጫማው ላይ ፋሻውን በስምንት ቁጥር ጠምጥሙና ፈረስ ጥሩ። ጡንቻ ከያዘው ለምለም አጠጡት፣ ጣቱን ወደ ጉልበቱ ስባችሁ ያዙለት። ደመና ከጠቆረና ነጎድጓድ ከተሰማ ብቻውን ከቆመ ዛፍ ራቁ፤ ራቁቱን የሆነ አፋፍ ላይ አትቁሙ፣ ዝቅ ባለ ቦታ ጠብቁ።

10. ለዝቋላ የሚለየው

ከቢሾፍቱ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከሜዳው ብቻውን የቆመው ዝቋላ 2,989 ሜትር ነው። ከወንጪ ይልቅ እሱን ከመረጣችሁ ከላይ ያለውን ስሌት ተጠቀሙ፤ ነገር ግን እዚህ ዳገቱ መጀመሪያ ይመጣል፣ ከሜዳው ሲታሰብም ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል። ሦስት ሰዓት መድቡ፣ 12 ሰዓት ጠዋት ጀምሩ፤ ሜዳው ዝቅ ያለ ስለሆነ ከ4 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ያደክማል።

የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ስለሆነ ሐይቁ ጠበል ነው፤ አይዋኝበትም፣ ዳሩ ላይ ሙዚቃ አይከፈትም። ሴቶች ነጠላና ረጅም ቀሚስ፣ ወንዶች ረጅም ሱሪ። ፎቶ ከማንሳት በፊት ካገኛችኋቸው መነኩሴ «አባታችን፣ ይፈቀዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 የንግሥ ቀናት ስለሆኑ ለክብረ በዓሉ እንጂ ለእግር ጉዞ አትሂዱ። በክረምት ወደ ግርጌው የሚወስደው መንገድ መረሬ አፈር ይሆናል፤ ፒክአፕም ይውጣል።

11. መመለሻው

አፋፉ ላይ ሰው ቁጠሩ፣ ደረቁን ቲሸርት ቀይሩ፣ መኪና ውስጥ የቀረውን ግማሽ ሊትር ጠጡ። ሹፌሩ አብሯችሁ ወርዶ ከወጣ ለ150 ኪሎ ሜትር አይበቃም። ወይ ከላይ ተኝቶ ይጠብቅ፣ ወይ መንጃ ፈቃድ ያለው ያልደከመ ሰው አስቀድሞ ይመደብ። ከፊት የሚቀመጠው ሰው የማይተኛ ይሁን፤ ከቱሉ ቦሎ እስከ ሰበታ ባለው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ከብትና ጋሪ በምሽት ያለ መብራት ስለሚያቋርጡ ሁለት ዓይን መጨመሩ አይከፋም።